ዘሀራ ያልቀመሰችው ወጥ

በዚያ አርብ ረፋድ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። በር ላይ ኮንስታብል ደሳለኝ፣ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ። ከበሩ ጎን ባለችው የቆርቆሮ ክፍል እኔ ብርቄ፣ ሴቶችንና ለእስረኛ የሚገባውን ስንቅ የምፈትሽ። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሰይድ፣ በአካፋ ሰው መትቶ የታሰረ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬ። ታናሽ ወንድሙ ሙሄ፣ በፌስታል ቲማቲም አስገብቶ ማንጎው ጥላ ሥር የተቀመጠ። የሰይድ ሚስት ዘሀራ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ የመጣች። ሌላ ሰው አልነበረም። አዛዣችን ወልድያ ስብሰባ ሄደዋል፤ መርማሪው ሳጅን እንድሪስ ወደ ማሳው ወርደዋል።

እነዚህን ሰዎች ቆጥሬ የምጽፈው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያን ቀን እዚያ ነበርኩ የሚለው ሰው ስለበዛ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ዘሀራ ከጉያዋ ብልቃጥ ስታወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ትላለች። እሷ የዚያን ቀን ውርጌሳ ገበያ ነበረች። ሰው ያላየውን እንዲህ አጥርቶ ማየቱ ድሮም ይገርመኛል። ውሸታም ናት ብዬ አልቀየማትም፤ እንዴት አድርጋ እንዳየችው ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጣቢያዋ ከመርሳ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ግቢ ናት፤ ስሟ ይቅር። እኔም ፖሊስ አልነበርኩም። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። አንድ ቀን በስርቆት የተጠረጠረች ሴት መጣች፤ የምትፈትሻት ሴት ፖሊስ አልነበረችም። ሳጅን እንድሪስ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳ ላይ አስደገፉትና፣

«ብርቄ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ» አሉኝ።

«ኧረ ሳጅን፣ እኔ ምን አውቄ?»

«ልጆች አሉሽ አይደል? ከልጅ ኪስ ውስጥ ጠጠርና ብይ አውጥተሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ግን እጅሽን አሙቂው። በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ሰው ይደነግጣል። የደነገጠ ሰውና የደበቀ ሰው ደግሞ መልካቸው አንድ ነው።»

ሥራዬን የተማርኩት በዚያች ቃል ነው። እስከ ጡረታዬ ድረስ ሳላሞቀው ሰው የነካሁበት እጅ የለኝም። ከዚያ በኋላ የፈታሽነት ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለ። ወልድያ መናኸሪያ ሠራሁ፣ ውርጌሳ ኬላ ላይም ሠራሁ፣ በመጨረሻም ወደዚያችው ግቢ ተመለስኩ።

ፈሪ ሴት ነኝ። ልጆቼ «የቤት ፖሊስ» ይሉኛል። በሩን ቆልፌ ተመልሼ እገፋዋለሁ፤ ወተት ሳላሸት ለልጅ አልሰጥም፤ ልጄ ራሔል ወልድያ ስትሄድ መድረሷን ሳልሰማ ምሳ አይወርድልኝም። ቤት ውስጥ የሚያስቅብኝ ይህ ጠባይ ለሥራው ጠቀመኝ። ፍተሻን ከእጅ ነው የምጀምረው፤ ከደረት የጀመረ ፈታሽ ሴቲቱን አዋርዷት ያርፋል። ፊቷን ብዙ አላይም፤ ፊት ይለማመዳል። አቋሟን ነው የማየው። የደበቀች ሴት የደበቀችበትን ጎን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ራሷም አታውቀውም። ክታብ ያሰረች ከሆነች ክታቡን አልቀድም፤ ራሷ በጣቷ እንድትዳብሰው እጠይቃታለሁ። ጸሎት ብቻ ያለበትን በእርጋታ ትዳብሰዋለች። ሌላ ነገር ያለበትን ግን በጥፍሯ ጫፍ ነው የምትነካው።

ውርጌሳ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ የወረዱ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ከወገባቸው በላይ በርሜል የሚያክሉ፣ ከአንገት በላይ ግን ቀጭን።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ ወፈሩ?» አልኳቸው።

«የአላህ ጸጋ ነው፣ ልጄ።»

«ጸጋው ላብ በላብ አደረገዎት እኮ። እስቲ አንዱን ያውልቁ።»

«አንዱን ካወለቅኩት ሌላው ይቀየመኛል!»

ከውስጥ ያልተቀረጠ ልብስ ነበር፣ በላይ በላዩ የተለበሰ። እየሳቅን አወለቅነው። ቀረጡን እያስከፈሏቸው ሳለ አጠገባቸው ተቀምጬ ለምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኳቸው። መሬታቸው በጎርፍ ተበልቶ ሲያልቅ ንግድ መጀመራቸውን ነገሩኝ። ጎርፉን ማንም አልፈተሸውም አሉኝ፣ እየሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ስቄ አልጨረስኩም። እያንዳንዱ ጥፋት ከኋላው ምን እንዳለ ለማየት እንዲህ አንገቴን ማስገግ የለመድኩት ከሳጅን እንድሪስ ነው።

ሳጅን ተጠርጣሪ ሲጠይቁ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ወንበሩን ለሰውዬው ሰጥተው እሳቸው ዝቅ ያለች ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ውሃ ያስመጡለታል። ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ይጠይቁታል። «ለምን አደረግከው?» የሚል ጥያቄ ከአፋቸው አይወጣም። «ከዚያ በፊት በእጅህ ምን ይዘህ ነበር? ከዚያስ በፊት?» እያሉ ወደ ኋላ ይወስዱታል። ይህን ሁሉ ጊዜ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ ነው። መፋቂያውን ካወጡት ነገር አገኙ ማለት ነው። ደሳለኝ አንዳንዴ በሩ ላይ ሆኖ «ወጣ ወይስ አልወጣም?» ይለኝ ነበር በሹክሹክታ።

ሌላው ልማዳቸው ሰው ከመጠየቃቸው በፊት ቦታውን በእግር መርገጥ ነው። ያን አርብ ወደ ማሳው የወረዱትም ለዚህ ነው። ሰይድ የመታው አህመድ የሚባለውን ጎረቤቱን ነበር። አህመድ ደግሞ የዘሀራ ወንድም ነው። ሁለቱ አማቾች ከአንድ ቦይ በተራ ያጠጣሉ፤ ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ናቸው። ሰይድ በራሱ ተራ ወደ ማሳው ሲወርድ ውሃው ወደ አህመድ ሽንኩርት ሲገባ አገኘው። «ሰረቅከኝ» አለው። «አልነካሁትም» አለው አህመድ። አካፋው በሰይድ እጅ ነበር። አህመድ ራሱን ተመትቶ ወልድያ ሆስፒታል ገባ።

ሳጅን ቦዩን ከላይ እስከ ታች ተራምደው ሲያዩ የቦዩ ጠርዝ ተደርምሶ አገኙት። ድርማሹ ላይ የከብት ኮቴ አለ። ውሃውን ማንም አልሰረቀውም፤ ውሃ የጠማቸው ከብቶች ረግጠውት ጠርዙ ሲናድ ወደ ዝቅተኛው ማሳ ሄደ፣ በቃ። ሰይድ ሃምሳ እርምጃ ወደ ላይ ሄዶ ቢያይ ኖሮ አካፋውን ጠርዙን ለመጠገን ይጠቀምበት ነበር። ይህን ነገር ስንቴ እንዳሰብኩት! ከመናደድ ይልቅ ሄዶ ማየት ምን ያህል ይከብዳል?

ወደ ዘሀራ ልመለስ። ወንድሟ ወልድያ ተኝቶ፣ ባሏ እኛ ዘንድ ታስሮ፣ እሷ መሐል ነበረች። ማልዳ ትነሳና ታበስላለች፤ የወንድሟን ድርሻ በጠዋቱ መኪና ትልክና የባሏን ይዛ ወደኛ ትመጣለች። ሳጅን አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ለማን ታደያለሽ?» ቢሏት፣ «ምን አደላለሁ ሳጅን? ድስቱ አንድ ነው» አለቻቸው።

የጣቢያው ደንብ የበሰለ ምግብ ያመጣ ሰው እፊታችን ጎርሶ እንዲውጥ ያዛል። ዘሀራ ሁልጊዜ ሳልነግራት ነበር የምትቀምሰው። ያን ቀን ምሳ ዕቃውን ከፍታ ሳትቀምስ ቆመች።

«ቅመሺ እንጂ፣ ልጄ።»

«ዛሬ ይቅርብኝ፣ እትዬ።»

«ምነው? ሥርዓቱን ታውቂው የለ?»

ደሳለኝ ከበሩ ሆኖ፣ «ጨው ረስታ ነው እትዬ ብርቄ፣ አያሳፍሯት!» አለ። ዘሀራ አየችውና አንገቷን ደፋች።

«ወላሂ ምንም የለበትም» አለች።

ወጡ የሥጋ ነበር። እኔና ደሳለኝ ክርስቲያን ነን፤ የሙስሊም እርድ አንበላም፤ ቀኑም አርብ ነው። ሊቀምሱልን የሚችሉት ሳጅን እንድሪስ የሉም። ሙሄን ጠራሁት።

«ከአህመድ እህት እጅ አልጎርስም» አለና ፊቱን አዞረ።

በእኛ አገር ሰው አልበላም ካለ ለምን ተብሎ አይመረመርም። አንዱ ጾም አለበት፣ ሌላው ስለት አለበት፣ ሌላው ሐዘን አለበት። እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድ ደጃፍ ስንኖር ይህን ጥያቄ ለጎረቤት መተው ጨዋነት ነው። እኔም ተውኩላት። ወጡን በራሷ ማንኪያ አማስላ እንድታሳየኝ አደረግኩ፤ እንጀራውን ገልጣ አሳየችኝ። የትኛውንም ጎኗን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። ገባ።

ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ሰይድ ተጣለ። አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ዓይኑ አለቀሰ፣ ያስመልሰው ጀመር። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሙሄ ግቢው መሐል ቆሞ፣ «መረዘችው! ለወንድሟ ተበቀለችለት! አልቀምስም ስትል ሁላችሁም ሰምታችኋል!» እያለ ጮኸ። መንገደኛው ተሰበሰበ። ከጤና ጣቢያ መርዝ እንደሆነ ተነገረን። አዛዡ በስልክ ያዟት አሉ። ያዝናት።

የሴት ማረፊያ ስላልነበረን እኔ ክፍል አስቀመጥኳት፤ እንድጠብቃትም እኔ ቀረሁ። አላለቀሰችም። «ሰይድ እንዴት ሆነ?» ብቻ ትለኛለች፣ በየመሐሉ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ከመርሳ በኩል አዛን ሲሰማ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ውሃ ይኖራል?»

ሰጠኋት። ቢስሚላህ ብላ በትንሽ በትንሹ ጠጣች። አጠጣጧ ገረመኝ፤ የጠማው ሰው እንደዚያ አይጠጣም።

«ጾመሽ ነው እንዴ የዋልሽው?»

«አዎ።»

«የምን ጾም? ረመዳን ካለፈ ቆየ እኮ።»

ሁለታችን ብቻ ሆነን እንኳ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። «ቀዷ ነው፣ እትዬ። በረመዳን በወር አበባዬ የፈታሁትን ነው የምከፍለው።»

«ታዲያ ጠዋት እንዲህ ነው አትዪኝም?»

«ኮንስታብሉ እየሰማኝ? የባሌ ወንድም እዚያ ተቀምጦ?» አለችና አፍንጫዋን ነፋች። «መረዘች ይበሉኝ እንጂ ያንንስ አልለውም።»

ያን ጊዜ ልጄ ራሔል ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እሷም ብትሆን አትናገርም። ወዲያው ወጥቼ ከማሳው ለተመለሱት ሳጅን ነገርኳቸው። እሳቸው ወልድያ ደውለው ነበር፤ አህመድ ከዚያው ድስት በልቶ ደህና ነው ተብለዋል። ዝቅተኛዋን ድንጋይ ስበው ተቀመጡ፤ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። የተጠረጠርኩ መሰለኝ።

«ብርቄ፣ ዛሬ ወደ ሰይድ አፍ የገባውን ሁሉ ንገሪኝ።»

«ወጡ፣ እንጀራው፣ የቧንቧ ውሃ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ቲማቲም ብቻ።»

«ቲማቲሙን ማን ቀመሰው?»

«ፍሬ ማን ይቀምሳል፣ ሳጅን?»

መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ።

ከፌስታሉ የተረፈውን ቲማቲም አመጣን። ፍሬው ከግንዱ የተቀነጠሰበት ጎድጓዳ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። ለልጆቼ ሳላጥብ ቲማቲም የሰጠሁበት ቀን የለም። ደንባችን ግን የሚያውቀው የበሰለ ምግብ ብቻ ነበር። አገራችን የፍሬ አገር ነው፤ ማንጎና ብርቱካን ይዞ የመጣን ዘመድ ማን ይጠረጥረዋል?

በማግስቱ ማለዳ ሳጅን ሙሄን ይዘው ማሳው ድረስ ወረዱ። እዚያ የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«የተባይ መድኃኒቱን መቼ ረጨህ?»

«ሐሙስ።»

«ቲማቲሙን መቼ ለቀምከው?»

«አርብ ጠዋት። ለሰይድ ትኩሱን ልውሰድለት ብዬ…» አለና እዚያው ትልሙ ላይ ተቀመጠ። «ወላሂ ሳጅን፣ በልብሴ ጠርጌዋለሁ» አላቸው።

ሰይድ ዳነ። ዘሀራም ያን ቀን ተለቀቀች። እስካሁን የተናገርኩት ሳጅን እንድሪስ ያሸነፉበትን ነው። የተሸነፉበት ከዚህ በኋላ ነው።

በሩ ላይ ቆመው፣ «ነጻ ነሽ፣ ልጄ። አብሽሪ» አሏት።

«ማን ይነግርልኛል?» አለች ዘሀራ።

«ምኑን?»

«እንዳልመረዝኩ።»

«ጣቢያው ለቀቀሽ እኮ። ንጹህ ነሽ ማለት ነው።»

«ጣቢያው የሚለው የሚሰማው እዚህ ግቢ ነው፣ ሳጅን። እኔ የምኖረው እዚያ ነው።»

ሳጅን እነግርልሻለሁ አሏት፤ ሊነግሩላትም አስበው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር ተነሳና ወደ ሌላ ቀበሌ ተላኩ። አዛዡም ከለቀቅናት ወዲያ ምን እናድርግ አሉ። ሙሄ አፍሮ አፉን ዘጋ። መንደሩ የሰማው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፦ ማስረጃ ጠፍቶ ነው የተለቀቀችው። የባሏ እናት በሩን አልከፈቱላትም። ወደ ወንድሟ ቤት ብትሄድ የወንድሟ ሚስት፣ «ባሌን ለመታው ስታበስዪ ከርመሽ ዛሬ ወዴት?» አለቻት። ሳጅን ተመልሰው ወደ መንደሩ ሲወርዱ ዘሀራ የለችም። መርሳ መናኸሪያ መኪና ስትጠብቅ አየናት ያሉ አሉ። ወዴት የሚሄድ መኪና እንደሆነ ግን አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ይላል።

ሳጅን ያን ቀን ከመንደሩ ሲመለሱ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ አልነበረም። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ብርቄ፣ ሰው መያዝ ተምሬያለሁ፤ ይዤ የለቀቅኩትን ቤቱ ድረስ ማድረስ ግን አልተማርኩም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በስህተት የተያዘ ሰው ሲለቀቅ አብረውት ይሄዱ ነበር። ሰፈሩ መሐል ቆመው፣ በስሙ ጠርተው፣ ንጹህ መሆኑን ይናገራሉ። ደንብ አላዘዛቸውም። አንዳንድ አለቃ ነዳጅ ታባክናለህ ሲላቸው በእግር ሄደዋል። እኔም ከዚያ ወዲህ አልቀምስም ያለች ሴት ስትመጣ ወደ ጓዳዬ ወስጄ በሩን ዘግቼ ነው የምጠይቃት። ፍሬም ቢሆን ሳይታጠብ አላስገባም። አሁን የተተኩት ሴት ፖሊሶች ይህን ሲያደርጉ አያለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁትም። የጻፍኩት ለነሱም ጭምር ነው።

ሰይድ ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቷል። በቅርቡ የአካባቢያችን አበጋር ሁለቱን ቤቶች ለማስታረቅ ተቀመጡ። አበጋር ማለት ደም የተቃባ ሰው የሚያስታርቁ የአገር አባት ናቸው። እኔንም ሳጅን እንድሪስንም ጠሩን፤ ሁለታችንም ጡረተኞች ሆነን ጥላው ሥር ተቀመጥን። የቦዩ ውሃ ይሰማል። ሰይድና አህመድ ተሳሳሙ። አህመድ ጠባሳውን እያሻሸ፣ «ከብቶቹን ነበር ማስታረቅ» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

አበጋሩ፣ «የቀረ ቃል ያለው ይናገር» አሉ።

ሙሄ ተነሳ። ቲማቲሙን፣ መድኃኒቱን፣ በልብሱ መጥረጉን፣ ከዚያም ዝም ማለቱን አንድ በአንድ ተናገረ። የሰይድ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«ይህ ቃል ለኛ አይደለም» አሉ አበጋሩ። «የቃሉ ባለቤት የታለች?»

ሰይድ መሬት መሬቱን ያያል።

«እንግዲያው የመዝጊያውን ዱአ አናደርግም። እሷ በሌለችበት የተዘጋ እርቅ በሷ ላይ የተዘጋ በር ነው። ስትገኝ እንገናኛለን፣ ኢንሻአላህ» አሉና ተነሱ።

ስለዚህ እርቁ እንደተከፈተ አለ። ሰይድ ደሴ ድረስ ሄዶ ፈልጓል። እኔ በመርሳ በሚያልፍ መኪና ሁሉ መስኮት አያለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ዘሀራ ረዘም ያለች ቀጭን ናት፤ ግራ እጇ አንጓ ላይ የእሳት ጠባሳ አለባት፤ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ያያት፣ ወይም ያለችበትን የሰማ ሰው ካለ ይንገረን። መመለስ ባትፈልግም እንኳ ሙሄ በአገር ፊት መናገሩን ይንገራት፤ እኛም ደህና መሆኗን እንስማ። መርሳ መናኸሪያ ወርዶ የጣቢያዋ ብርቄ ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቴን ያሳዩታል።